የትኛው ድምፅ ነው ያስቸገረው? ስለ ጥርስ አገጣጠምና ስለ ልጆች ንግግር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በጨንቻና በዶርዜ፣ በአርባ ምንጭ ከተማና በዙሪያዋ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ላላችሁ ሁሉ የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ጥርስና ስለ ንግግር ነው። ወደ ጉዳዩ ሳንገባ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አጠገባችሁ ልጅ ካለ ጥሩትና የከተማችንን ስም ቀስ ብሎ እንዲጠራ አድርጉት፤ «ጨንቻ»። ከዚያ «ዶርዜ» ይበል። ከዚያ «ሸማ»፣ «እንሰት»፣ «ቆጮ»፣ «አርባ ምንጭ»።

(አጭር ፋታ)

እነዚህን ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራቸው አስቡት። በውስጣቸው ያሉት ጭ፣ ች፣ ዝ፣ ሽ እና ስ ደግሞ የፊት ጥርስ አገጣጠም ሲዛባ ቀድመው የሚበላሹ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ የጨንቻ ልጅ የጥርሱ አቀማመጥ ንግግሩን ከነካበት ገና ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ይታወቅበታል። የሰፈሩን ስም ሲጠራ ይሳቅበታል። በክፍል ውስጥ እጁን ማንሳት ይተዋል። መምህሩ «ይህ ልጅ አይገባውም» ይላል፤ ልጁ ግን ገብቶታል፣ አፉን መክፈት ነው የፈራው።

በጋሞ ምድር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ነገር የሚታየውም የሚያልቀውም በዱቡሻ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በንግግር ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአርባ ምንጭ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ለምነው ሲመልሱ አገር በሙሉ አይቷል። ቃል እንዲህ በሚከበርበት አገር አንድ ልጅ በጥርሱ ምክንያት ቃሉን ውጦ እንዲያድግ መተው የለብንም። ብዙውን ጊዜም መፍትሔ አለው።

መጀመሪያ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አሁን በየቤታችሁ «ስስስ» በሉ። ምላሳችሁ የት እንዳለ ልብ በሉ። የምላሳችን ግራና ቀኝ ጠርዝ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሶች ከውስጥ ተደግፎ ይይዛል፤ መሐሉ ዝቅ ብሎ ቀጭን ቦይ ይሆናል። ትንፋሹ በዚያ ቦይ ተጨምቆ ይወጣና የፊት ጥርሶችን ጠርዝ ይመታል። በዶርዜ የቀርከሃ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የጉጌ ተራራ ነፋስ በግድግዳው ቀጭን ስንጥቅ ሲገባ ያፏጫል፣ ስንጥቁ ከሰፋ ግን ፉጨቱ ይጠፋና እፍ ብቻ ይሆናል። በፊት ጥርሶቻችን መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ ነው። ልኩን ካለፈ «ስ» ፉጨቷን ታጣለች።

«ች»፣ «ጅ» እና «ጭ» ከዚህ ይበልጥ ይከብዳሉ። ምላስ መጀመሪያ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ካለው ድድ ከፍ ብሎ ተጣብቆ ትንፋሹን ያግዳል፣ ከዚያ ትንሽ ላቀቅ አድርጎ እንደ «ሽ» ያስወጣዋል። ሁለት ሥራ በአንድ ቅጽበት ማለት ነው። «ጭ»፣ «ጥ» እና «ጽ» ላይ ደግሞ ጉሮሮም አብሮ ይዘጋል፤ አየሩ በተዘጋው ጉሮሮና በምላስ መካከል ታምቆ ነው የሚፈነዳው። አማርኛም ጋሞኛም እነዚህን ድምፆች አብዝተው ይጠቀማሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ስለ «ስ» ብቻ ተጽፎ የምናገኘው ምክር ለእኛ ልጆች አይበቃም፤ እኛ «ጭ»ንም «ጽ»ንም ማዳመጥ አለብን።

«ፍ»ን ሞክሩ። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። «ብ»፣ «ም» እና «ጵ» ሁለቱ ከንፈሮች እንዲገናኙ ይፈልጋሉ። «ት»፣ «ድ»፣ «ን» እና «ል» የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ አለው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው፤ ልጁ «አጥርቶ አይናገርም» ከማለታችን በፊት የትኛው ድምፅ እንዳስቸገረው እንስማ። ድምፁ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ይነግረናል።

(አጭር ማጀቢያ)

ወደ ጥርሱ እንምጣ። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች የሚገናኙበትን ሁኔታ በሦስት መደብ ከፈለው፤ ሐኪሞች እስከዛሬ በዚያ ይጠቀማሉ። እኛ ግን የሐኪሙን አከፋፈል ትተን በዓይን የሚታየውን እንያዝ።

ንግግርን ከሁሉ ይበልጥ የሚረብሹት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው፣ የኋላ ጥርሶች ገጥመው እያለ የፊቶቹ ላይና ታች ሳይገናኙ ክፍት የሚቀሩበት ነው። ይህ ልጅ «ስ» ሲል ምላሱ በክፍተቱ ብቅ ይላል። ድምፁ ለስለስ ብሎ፣ ፉጨቱ ጠፍቶ ይሰማል። እናቶች በሌላ ነገርም ሊያውቁት ይችላሉ። የጨንቻ ልጅ አፕል ሲበላ እዩት፤ በፊት ጥርሱ መግመጥ አቅቶት ፍሬውን ወደ ጎን አዙሮ በመንጋጋው የሚቆርጥ ከሆነ የፊት ጥርሶቹ አይገናኙ ይሆናል። በሸማኔ ቤትም ክር በፊት ጥርስ መበጠስ የማይችል ልጅ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ነገር ቤተሰብ ለዓመታት አይቶት «አመሉ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው፣ የታችኛው መንጋጋ ቀድሞ የሚወጣበትና የታችኞቹ ጥርሶች ከላይኞቹ ፊት የሚቆሙበት ነው። እዚህ ላይ የ«ስ»ና የ«ዝ» ቦይ ቦታውን ይስታል፤ ሲጠናም «ፍ» ትቸገራለች፣ ምክንያቱም የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር በቀላሉ አያገኘውም። ይህ በዘር የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ በታሪክ የሚጠቀሰው የአውሮፓ የሐብስበርግ ነገሥታት ቤተሰብ ነው። ትውልድ እየተከታተለ በወጣ የታች መንጋጋ ይታወቅ ነበር። የመጨረሻው የስፔን ሐብስበርግ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ፣ እ.ኤ.አ. በ1700 የሞተው፣ ምግብ ማኘክም አጥርቶ መናገርም ይቸግረው እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል። ቤተሰቡ ለትውልዶች እርስ በርሱ ይጋባ ነበር።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ገጣጣ የምንለው አለ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ወጥተው የታችኛው ከንፈር ከሥራቸው ይቀራል። በመጠኑ ከሆነ ንግግር ላይ ብዙም አያደርስም። እጅግ ሲወጣ ግን ከንፈር ለመግጠም ይታገላል፤ «ብ»ና «ም» በከንፈርና በከንፈር መባላቸው ቀርቶ በጥርስና በከንፈር ይባላሉ። የሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱን ላይሰማው ይችላል፣ ፊቱን የሚያይ ግን ያስተውላል።

የቀረው፣ ማለትም መደራረብ፣ አንድ ጥርስ ዞሮ መብቀል፣ ፍንጭት፣ ብቻውን ንግግር የሚያበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፍንጭት በአገራችን ውበት ነው፤ ማንም ሰው ስለ ንግግር ብሎ እንዲዘጋው አልመክርም። በስምጥ ሸለቆው ቆላ ደግሞ በውኃው ፍሎራይድ ምክንያት ጥርሳቸው የቡኒ መልክ የያዘ ወገኖች አሉን፤ ያም ቀለም እንጂ አገጣጠም አይደለም፣ ንግግርን አይነካም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የምፈልገው አለ። ጥርሱ ተዘበራርቆ፣ ሲያዩት እንዴት ይናገር ይሆን የሚያሰኝ፣ ንግግሩ ግን እንደ ጅረት ጥርት ያለ ሰው ብዙ ነው። ጥርሱ እንደ ነጭ በቆሎ ተሰልፎ «ስ»ን ማለት የማይችልም አለ። ምላስ ብልህ ጡንቻ ናትና ቦታው ቢጣመምባትም ሌላ መንገድ ፈልጋ ድምፁን ታወጣለች። ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ለረጅም ዘመን ሲከታተሉ ደጋግመው ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ዝምድናው በፊት ክፍትና በወጣ የታች መንጋጋ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ በሌሎቹ ላይ ግን የላላ ነው። «ጥርሱ ስለተጣመመ ነው የሚኮላተፈው» የሚለው ፍርድ ስለዚህ ሳይመረመር መሰጠት የለበትም።

የጥርስ አገጣጠምና የቋንቋ ድምፅ ያላቸው ዝምድና ከአንድ ልጅም አልፎ የሰውን ልጅ ታሪክ ሁሉ ሊነካ እንደሚችል የሚሞግቱ አሉ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ሆኬት እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጠንካራ ምግብ ሲያኝኩ የኖሩ ጥንታውያን ሰዎች ጥርሳቸው ተበልቶ የላዩ ከታቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥም ነበር፤ ግብርና መጥቶ ምግብ ሲለሰልስ የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ትንሽ ሸፍኖ መቅረት ጀመረ፤ «ፍ»ና «ቭ»ም በዚያን ጊዜ ቀለሉ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን በኮምፒውተር ስሌትና በዓለም ቋንቋዎች መረጃ መርምረው ሐሳቡን የሚደግፍ ውጤት ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። በስሌታቸው መሠረት በዛሬው አገጣጠም «ፍ»ን ለማለት የሚያስፈልገው የጡንቻ ጉልበት ወደ 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። የሚከራከሩበት ሊቃውንት ዛሬም አሉ። እኔ ግን «ፍቅር» ስንል የገብስና የእንሰት ገበሬዎች የሆኑ ቅድመ አያቶቻችን እጅ ሊኖርበት እንደሚችል ሳስብ ደስ ይለኛል።

(ማጀቢያ)

ተመልሰን ወደ ልጆቻችን። ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ 20 የወተት ጥርስ ያበቅላል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ሲሆነው ይሞላሉ። ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ የፊቶቹ መውለቅ ይጀምራሉ፤ የላይኞቹ ቋሚ የፊት ጥርሶች በ7 እና በ8 ዓመት ይተካሉ። በዚህ መካከል የአንደኛ ክፍል ተማሪ «ስ» ብሎ በክፍተቱ ቢያፏጭ፣ ምላሱ ቢወጣ፣ ይህ የተለመደ ነው። ጥርሱ ሲበቅል ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። «ስ» ራሷ በልጆች አንደበት ዘግይተው ከሚጠሩ ድምፆች አንዷ ናት፤ የአራት ዓመት ልጅ ስላልጠራችለት መደንገጥ አያስፈልግም። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከበቀሉ በኋላ፣ በ8 ወይም በ9 ዓመቱ፣ ምላሱ አሁንም በጥርሱ መካከል እየወጣ ከሆነ ግን ይመርመር።

ከጥርስ የማይመጣውንም እንለይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታልና። ልጁ «ብር» ለማለት «ብል» ካለ፣ «ከበሮ» ለማለት «ተበሎ» ካለ ጥርሱን አትውቀሱ። «ክ» የምትሠራው ከምላስ ጀርባ፣ ከጥርስ ርቃ ነው። «ር» ደግሞ የምላስ ጫፍ መንቀጥቀጥ ነው። እነዚህ በዕድሜ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ካልተስተካከሉም መንገዳቸው ሌላ ነው። መንተባተብም ከጥርስ ጋር አይገናኝም። ጥርስ በማስተካከል የዳነ ተንተባታቢ የለም፤ እንዲህ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢመጣ አትስሙት። ብዙ ድምፅ አንድ ላይ የሚደበላለቅበት፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ካለ ደግሞ ከጥርሱ በፊት ጆሮው ይታይ። ያልተሰማ ድምፅ አጥርቶ ሊወጣ አይችልም። እኔን ብትጠይቁኝ ንግግሩ ያልጠራ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ መስማቱ ቢመረመር እወዳለሁ።

አሁን ደግሞ አፍንጫውን ያዙና «አባያ» እንዲል አድርጉት። ከዚያ ልቀቁትና እንደገና ይበል። ልዩነት መኖር የለበትም፤ «አባያ» ውስጥ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ የለምና። («ጨንቻ»ን ወይም «ጫሞ»ን ለዚህ አትጠቀሙ፤ «ን»ና «ም» በአፍንጫ ስለሚወጡ ያሳስታሉ።) አፍንጫው ሲያዝ «አባያ» ጎልታ የምትለወጥ ከሆነ፣ ወይም ሳይያዝ «አማያ» የምትመስል ከሆነ፣ ትንፋሹ ወደ አፍንጫ እያመለጠ ነው። ይህ ነፍናፋ የምንለው ንግግር ነው፤ ሥሩም ያለው ላንቃ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ ልቤን ወደሚያሳዝነው ጉዳይ ያመጣኛል። በአገራችን በብዙ አካባቢ ሕፃናትን እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስወጣት የሚሉ ልማዶች ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስቀረት የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በኋላም ወደ ማኅበርነት የተለወጠው፣ ከሴት ልጅ ግርዛት ጋር ሁለቱንም ሲታገላቸው ቆይቷል። ዛሬም ድረስ አልጠፉም።

እንጥል የሚቆረጠው «ታብጣ ሕፃኑን ታንቃለች» በሚል ነው። እንጥል የምትንጠለጠለው ከለስላሳው ላንቃ ጫፍ ላይ ነው። ለስላሳው ላንቃ ደግሞ «ብ»፣ «ት»፣ «ስ»፣ «ጭ» ስንል ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ የሚዘጋ መዝጊያ ነው። ባልታጠበ ስለት፣ በማይታይ ጉሮሮ ውስጥ፣ በሚያለቅስ ሕፃን ላይ የሚቆርጥ እጅ የት እንደሚያቆም አያውቅም። ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሕፃናት ሞተዋል። ከተረፉትም ላንቃቸው አብሮ የተነካ፣ በአፍንጫቸው እየተናገሩ የሚያድጉ አሉ።

የወተት ጥርሱ ነገር ከዛሬው ርእሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ እናት አፉን ታያለች። ድዱ ክራንቻ ሊበቅልበት ባለው ቦታ ነጣ ብሎ አብጧል። «ትል የያዘ ጥርስ ነው» ይባልና በሾለ ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ያ የሚወጣው ገና ያልጠነከረ ጤናማ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም አብሮ ይጎዳል። ተቅማጡን ያመጣው የተበከለ ውኃና ምግብ፣ በዚያ ዕድሜ መሬት ላይ እየዳኸ አፉ የሚከተው ቆሻሻ ነው። ልጁ 11 እና 12 ዓመት ሲሞላው ክራንቻው ይቀራል፣ ወይም ተጣሞ ይመጣል፣ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። የአፉ ቅስት በሕፃንነቱ ፈርሷል ማለት ነው። እናቶች፣ አያቶች፣ እለምናችኋለሁ፤ ያበጠውን ድድ ተዉት። ለተቅማጡ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ጤና ኬላ አለ፣ ለትኩሳቱም ሕክምና አለ።

ከልማዱ ውጭ ያሉት ምክንያቶች ያን ያህል አያከራክሩም። አውራ ጣት መጥባት ሕፃን ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ቋሚ ጥርስ ማብቀል ከጀመረ በኋላ ከቀጠለ ግን የላይኞቹን ወደ ውጭ እየገፋ ከፊት ክፍተት ይተዋል። ከዚያ በፊት ከቆመ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይዘጋል። እሬትና በርበሬ መቀባት ልጁን ያስለቅሰው እንደሆነ እንጂ አያስተወውም፤ ልማዱን የሚያስተወው ሲያስተኙት እጁ የሚይዘው ሌላ ነገር መስጠትና ቀኑን ሙሉ ሳይጠባ ሲውል ማመስገን ነው። ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ ከአፍንጫው ጀርባ ያበጠ ዕጢ ሊኖረው ይችላል፤ አፍ ተከፍቶ ሲታደግ መንጋጋው በዚያው ይቀረጻል። በጨንቻ ብርድና ጭጋግ ጉንፋን ስለማይጠፋ «ብርዱ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ጉንፋን ግን ያልፋል፣ ይህ አያልፍም። የወተት ጥርስ በከረሜላና በጣፋጭ ብስኩት በስብሶ ያለ ጊዜው ሲነቀልም ጎረቤቶቹ ቦታውን ይሻሙና ቋሚው መብቀያ ያጣል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል» የሚለው አባባል ብዙ መንጋጋ አበላሽቷል።

በተፈጥሮ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ልጆች ከሁሉም የበለጠ ይቸገራሉ፤ ጥርሳቸውም፣ አገጣጠማቸውም፣ ላንቃቸውም አብሮ የተዛባ ነው። ለእነርሱ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአገራችን በነፃ የሚሠሩ የግብረ ሰናይ ፕሮግራሞችም አሉ። ላንቃ ቶሎ ሲዘጋ፣ ከተቻለ ልጁ መናገር በሚጀምርበት ዕድሜ አካባቢ፣ ንግግር የመስተካከል ዕድሉ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ልጅ በየቤቱ ተደብቆ ያለ ካለ አውጡት፤ ቁጣም እርግማንም አይደለም።

(ማጀቢያ)

ታዲያ ሕክምናው የት ነው? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ጥርስ በማሰሪያ፣ ብሬስ በሚሉት፣ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት። የጥርስ ሐኪሞችን አዲስ አበባና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስመርቃሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ሠልጥነዋል፤ ቁጥራቸው ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ጋር አይመጣጠንም። ከጨንቻ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ማሰሪያ ዓመት ከመንፈቅ፣ ሁለት ዓመት አፍ ውስጥ ይቆያል፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩም ይታያል። ለአንድ ሸማኔ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥርሱ የተጣመመ ልጅ ሁሉ ማሰሪያ ያስፈልገዋል ብዬ አልነግራችሁም። ማኘክ ላቃተው፣ ንግግሩ በግልጽ ለተጎዳ፣ የታች መንጋጋው ለቀደመ ልጅ ግን መንገዱ የሚገባው ነው። የአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያውን ምርመራ በ7 ዓመት ይመክራል፤ የወጣ የታች መንጋጋ በልጅነት ሲያዝ ይቀላል፣ አጥንት ካደገና ከጠነከረ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይመለስምና።

መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ። ስትሄዱ «ልጄ አይናገርም» አትበሉ። አንዲት እናት እንዲህ ብትል ሥራው ግማሽ አለቀ፦

«እህቴ፣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ‹ስ›ና ‹ዝ› ሲል ምላሱ ይወጣል። ‹ር›ና ‹ክ› ደህና ናቸው። ሲጠሩት ይሰማል። የኋላ ጥርሱን ገጥሞ ፈገግ ሲል የፊቶቹ አይገናኙም፣ ጣቴ ይገባል። እስከ ባለፈው ዓመት ጣቱን ይጠባ ነበር።»

«እማማ፣ ጥሩ አድርገው አይተውታል። ወደ ጨንቻ ሆስፒታል ወረቀት ልጻፍልዎ፤ ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ይላል። ይህን የነገሩኝን እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩት።»

ጥርሱ ቢስተካከል እንኳ ምላስ የለመደችውን ወዲያው አትተውም። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት በተሳሳተ ቦታ ስታርፍ የኖረች ናት። አንዳንዱ ልጅ ጥርሱ ሲገጥም «ስ»ው በራሱ ይጠራል፤ ሌላው ትምህርት ይፈልጋል። ስንውጥ ምላስ ወደ ፊት የመግፋት ልማድ ካላትም የተስተካከለውን ጥርስ መልሳ ልትገፋው ትችላለች። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ባይገኝም ቤት ውስጥ የሚደረግ አለ። መስታወት ፊት ተቀመጡ። ልጁ ጥርሱን ገጥሞ፣ ምላሱን ከጥርሱ ጀርባ ይዞ፣ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያውጣ። መጀመሪያ «ስስስ» ብቻ። ሲጠራለት «ሳ»፣ «ሶ»፣ «ሲ»። ከዚያ ጋሞዎች ለሰላምታ የምንለውን «ሳሮ» ይበል። ከዚያ እንደ መስቀል በዓል ሰሞን «ዮ ማስቃላ» ብሎ ደስ ብሎት ይጥራ። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ሳይቆጡና ሳያስፈራሩ። ሲሳሳት ድገም አትበሉት፤ እናንተ አጥርታችሁ በሉለትና እሱ ይከተል።

መምህራን ሆይ፣ በጋሞኛም በአማርኛም ስታስነብቡ ድምፁ ያልጠራ ልጅ ካለ የመጀመሪያውን ሳቅ ዝም የምታሰኙት እናንተ ሁኑ። «ኮልታፋ» የሚል ቅጽል በክፍላችሁ ሥር እንዳይሰድ። ያ ስም ከጥርሱ መስተካከል በኋላም ለዓመታት ይከተላል። ልጁን በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ የሚያውቀውን ነገር፣ ለብቻው ጠይቁት።

በዕድሜ ለገፉትም አንድ ቃል። የፊት ጥርሳቸው የወለቀ አባቶች «ፍ»ና «ስ» ያስቸግሯቸዋል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያስገቡም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ንግግር ይደናቀፋል፣ በላንቃቸው ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯልና። ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከልጅ ልጅ ጋር ረጅም ወሬ ማውራት ያስለምዳል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላም ካልተስተካከለ፣ ወይም ድድ ካቆሰለ፣ ወደ ሠራው ሐኪም ተመለሱ፤ ጥርሱ መስተካከል አለበት እንጂ እናንተ ልትችሉት አይገባም።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጆሮ መግልና ስለ ልጆች መስማት እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)